ውሃ የበዛባቸው እሬቶች

ቢያዝን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት በአትክልተኛነት ሠርቷል። ጽጌረዳ ተክሏል፤ እስከ ሐይቁ ዳር የሚወርደውን ሣር አጭዷል። የኔ የሚለው ግን አንድ ጠባብ መደብ ብቻ ነበር። መደቡ ከዋናው በር አጠገብ፣ የቆርቆሮው ክፈፍ ዝናብ በሚከልልበት ቦታ፣ በአሸዋና በጠጠር የተደለደለ ነው። እዚያ ላይ እሬት አብቅሏል።

እሬቶቹን ያመጣቸው ከማክሰኝት በላይ ካለ ገደል ቆፍሮ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ነው። ይኸው አምስት ዓመታቸው። ቅጠላቸው ወፍራም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ነው። በበጋ ፀሐይ ሲበረታባቸው ጫፋቸው እንደ ጡብ ይቀላል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ያሾፉበት ነበር።

"ቢያዝን፣ ጡት የምታስጥለው ልጅ አለህ እንዴ?"

በ1976 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትልቁ እሬት የመጀመሪያውን የአበባ ዘንግ ከመሀሉ ብቅ አደረገ። ርዝመቱ ጣት ቢያክል ነው። መስከረም ሁለት ለሚከበረው አሥረኛው የአብዮት በዓል ይደርሳል ተባለ። ቢያዝን ስለ በዓሉ ግድ አልነበረውም። አምስት ዓመት የጠበቀውን አበባ ማየት ነው የፈለገው።

የውይይት ክበቡ ኃላፊ ጓድ አበራ ግቢውን ሊጎበኝ መጣ። ጣቱን መደቡ ውስጥ ሰደደ።

"ዝናቡ ሲወርድ እየዋለ ይህ አፈር ምነው ደረቀ?"

"ደረቅ ነው የሚወደው፣ ጓድ። ሆዱ ውስጥ ጋን አለው። ሲጠማው ከዚያ ይጠጣል።"

"ጋን?"

"አዎ።"

"አቶ ቢያዝን፣ እንግዶች የሚገቡት በዚህ በር ነው። በተጠማ ተክል እንቀበላቸው ነው የሚሉኝ?"

በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠራተኛው በየክፍሉ ተራ እየገባ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከሐይቁ ውሃ ቀድቶ መደቡን ያጠጣል። የውሃ ዘመቻ ተባለ። ቢያዝን ባልዲዎቹን ደበቀ፤ ሠራተኞቹ ከየቤታቸው ይዘው መጡ። በነሐሴ ዶፍ፣ ባንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ ባንድ እጃቸው ባልዲ ይዘው፣ ጭቃው እያንሸራተታቸው ዳገቱን ይወጣሉ።

ጸሐፊዋ ዘይነት የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት። ተራዋ ሲደርስ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ ቢያዝን፣ እናቴ መቃብር ላይ እሬት ተክለናል። ስምንት ዓመቱ። ማንም አጠጥቶት አያውቅም፣ እስከ ዛሬ ለምለም ነው።"

"ይህን ለእሱ አትነግሪውም?"

"ነገርሁት እኮ! 'መቃብርና አብዮት ምን አገናኛቸው?' ብሎ ጮኸብኝ።"

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ልፍስፍስ አሉ። መልካቸው የተቀቀለ ጎመን መሰለ፤ ሥሮቻቸው ሸተቱ። ቢያዝን ጠጠሩን እየቆፈረ የውሃ መውረጃ ቢያበጅላቸውም ማታ የመጡት ደፈኑበት። ነሐሴ ሃያ አራት ቀን የአበባውን ዘንግ ሊያቃና ቢነካው፣ ሳይከፈት እጁ ላይ ወደቀ።

ስብሰባ ተጠራ። ጓድ አበራ፣ "ግለ ሂስ ያድርጉ" አለው።

ቢያዝን ከኪሱ አንድ ቅጠል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጨመቀው። ውሃው በአጀንዳው ወረቀት ላይ ፈሰሰ።

"ይኸው፣ ጓድ። በውሃ ጥም የሞተ ነገር እንዲህ ነው?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ አበራ ወረቀቱን በመሐረቡ አደረቀና ቃለ ጉባኤውን ለዘይነት ያጽፋት ጀመር፦ "በአትክልተኛው ቸልተኝነት ተክሎቹ በውሃ እጥረት ደርቀዋል።" ዘይነት ቀና ብላ ቢያዝንን አየችው። ከዚያ ጻፈች። ቢያዝን ሦስት የሚያስተምራቸው ልጆች አሉት፤ ፈረመ።

በማግስቱ የበሰበሰውን ሁሉ ነቅሎ ጣለ። ከግድግዳው ጥግ፣ ባልዲ ያልደረሰበት ስንጥቅ ውስጥ፣ አውራ ጣት የምታክል አንዲት ቡቃያ ተገኘች። በጋዜጣ ጠቅልሎ ለዘይነት ሰጣት።

"የት ልትከላት?"

"እናትሽ ዘንድ። እዚያ የሚያጠጣት የለም።"

በባዶው መደብ ላይ ከሐይቁ ዳር የተነቀለ ቀይ አበባ ተተከለ። ማስታወቂያው ግን አልተነሣም። አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጓድ አበራ ከመስኮቱ እየተመለከተው፣ ቢያዝን ባልዲውን አንሥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ።