የማይበላ ስጦታ

ባለፈው ገና ሰሞን የልጅ ልጄ ሐይቁ ዳር ወደተዘጋጀ ባዛር ይዛኝ ሄደች። አንዲት ወጣት የቤት ሳሙናና ሻማ በሪባን አስራ ትሸጣለች። "ከምንድን ነው የሠራሽው?" አልኳት። "ከወይራ ዘይት ነው፣ ማዘር።" "እርግጠኛ ነሽ?" "አዎ፣ በእጄ ነው የሠራሁት።" ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቃት ስል የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። "እማማ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው እኮ!" ይዩኛ! እኔ ስለ ሳሙና ስጠይቅ ከልቤ ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ፣ ከተማችንንም አዋሳ የምንላት ጊዜ ነው። ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከታደለ ጋር መናኸሪያ ጀርባ በአንዲት ጭቃ ቤት እንኖር ነበር። የውትድርናው አፈሳ በርትቶ ወጣት ወንድ ከመንገድ እየተለቀመ በመኪና ይጫናል። ከሰፈራችን ሁለት ልጆች ተወስደው አንዳቸውም አልተመለሱም። እማዬ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ታደለን ደብቀው የያዙልን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ ከስልጤ የመጡ ቅመም ነጋዴ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል። ወንድሜን ከሱቁ ጀርባ፣ የበርበሬ ጆንያ ከሚቆለልበት ጓዳ አስገቡት። ምስኪን! ከወታደሩ ይልቅ የሚያስፈራው ማስነጠሱ ነበር፤ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚውለው። ቢያዝ እሳቸውም አብረው እንደሚታሰሩ ያውቃሉ። እማዬ ልታመሰግን ስትጀምር "ተይ እባክሽ፣ የእኔ ልጅ ቢሆንስ?" ይሏታል።

ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ለገና ምን ይሰጣል? እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እሳቸው ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ዶሮ ወጥ ይዞ መሄድ አይታሰብም። ሻሽ እንዳንገዛላቸው እጃችን ባዶ ነው። በዚያ ላይ ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወራት አልፎት ሰዉ ልብሱን በእንዶድ ያጥብ ነበር። "እኔ ሳሙና እሠራለሁ!" አልኩ። የሆም ኢኮኖሚክስ አስተማሪያችን ከሞራና ከኮስቲክ ሶዳ እንዴት እንደሚሠራ አሳይታናለች። ለሻማው ደግሞ ጠጅ ከምትጥለው አክስቴ ቤት ሰም አይጠፋም። እማዬ ፊቷ በራ። "እሰይ! የማይበላ ስጦታ! ማን አረደው የለበት፣ ምን የለበት!"

ችግሩ ሞራው ሆነ። የነቢያት ጾም ገብቶ የእኛ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ጓደኛዬ አልማዝ ግን "አታስቢ" አለችኝ። አጎቷ የውጭ አገር ባለሙያዎች በሚያርፉበት ቤት ወጥ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አመጣች። እንዴት ያለ ሞራ መሰላችሁ! እንደ ጥጥ ነጭ ነው፣ ሽታ የሚባል የለውም። ጾም ስለሆነ የቀመሰው የለም፤ የምን እንደሆነ የጠየቀም የለም። ሞራ የበሬ ነው፤ ሌላ የምን ሊሆን ኖሯል?

ግቢያችን ጥግ ጉልቻ ጎልተን ሞራውን አቀለጥን። ሶዳውን በውሃ ስንበጠብጠው እንፋሎቱ ዓይናችንን አቃጠለው። ክንዳችን እስኪዝል አማሰልን፣ የሎሚ ልጣጭ ጨመርንበት፣ በጣውላ ሣጥን ገልብጠን አንድ ወር አደረቅነው። የገና ዕለት ስድስት ሳሙናና አራት ሻማ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለእትዬ ዘይነባ ወሰድኩ። አሸተቱት። ጉንጬን ግራና ቀኝ ሳሙኝ። "ለሶላት መታጠቢያ ነው የማደርገው፣ የእኔ ልጅ" አሉኝ። ያን ቀን መሬት አልበቃኝም።

በአምስተኛው ቀን አልማዝ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

"ዝናሽ፣ ያ ሞራ..."

"ምን ሆነ?"

"የአሳማ ነው።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አጎቷን ለሻማ ነው ብላው ኖሮ ግድ አላለውም፤ ሳሙና ሠርተን ለእትዬ ዘይነባ መስጠታችንን ገና አሁን ሰምቶ ራሱን ይዟል። እማዬ እጇን በቀሚሷ ትጠርገው ጀመር። "በስመ አብ! እኔም እኮ ፊቴን ታጥቤበታለሁ!" ከዚያ ዞረችብኝ። "አንዲት ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ወየውልሽ! ልጄ ያለው እዚያ ቤት ነው። ተቆጥተው ቢያስወጡትስ?"

ዝም አልኩ፤ ሦስት ቀን ቻልኩ። ግን በአጥሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን በዚያ በእኔ ሳሙና ይታጠቡና ሄደው ምንጣፋቸው ላይ ይቆማሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ከዚያ የያዙትን ማንቆርቆሪያ ጥለው ወደ ጓሮ ሮጡ። አሸዋ እያፈሱ እጃቸውን ይፈትጉት ጀመር፤ ቆዳው ተልጦ ደም አወጣ። "በዚህ ሰገድኩ! ሳምንት ሙሉ በዚህ ሰገድኩ!" ይላሉ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

"እትዬ፣ በእውነት አላወቅንም..."

"ውጪልኝ!"

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ገባች። ነገሩ ሲገባት በጥፊ አጮለችኝ። "የልጄን ነፍስ በሳሙና ለወጥሽ!"

ተናግራ ሳትጨርስ የመኪና ድምፅ ሰማን። አፋሾቹ ናቸው፤ የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ቤት ለቤት ይገባሉ። ታደለ ከግድግዳው ወዲያ ነው። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ዘይነባ ከጓሮ ወደ ሱቁ ሲገቡ ተከተልኳቸው፤ አንዱ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ "እዚህ ቤት ወጣት ወንድ አለ?" አለ። እኔ የእትዬ ዘይነባን አፍ አፋቸውን አያለሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። "አለ" ቢሉስ ማን ይፈርድባቸዋል?

አሸዋና ደም የተቀላቀለበት እጃቸውን አነሱ።

"ወላሂ የለም" አሉ።

እኒያ ሴት ለገበያ እንኳ ሲምሉ የሰማ አልነበረም። ሰፈሩ ያውቃል፣ ጥበቃውም ያውቃል። "እሺ እትዬ፣ ይቅርታ" ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጁ ይቆያል። እሱ ምን አደረገኝ? አንቺ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።"

ታደለ አፈሳው እስኪበርድ ሰባት ወር እዚያው ቆየ። እኔ ደጃቸውን አልረገጥኩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሳገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ "ለእሷ የሚሆን ልብ የለኝም" ብለው መለሱልኝ። ይቅር ሳይሉኝ ሞቱ። ለቅሷቸው ላይ ታደለ እንደ ልጅ ሲነፋረቅ እኔ ከሰው ጀርባ ቆሜ ነበር።

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ "እውነቱን መናገርሽ ደግ ነው" ይለኛል። እኔ እንጃ። ለእሳቸው አዝኜ ነው የተናገርኩት ወይስ የራሴን ሆድ ለማቅለል? እውነት ተናግሬ ወንድሜን ላስፈጀው ነበር። እሳቸው በሐሰት ምለው አተረፉት፤ ያውም በዚያች ሰዓት፣ ያውም የእኔን ወንድም። ታደለ ዛሬ የአምስት ልጆች አባት ነው። ቤቱ ሄጄ ልጆቹ ሲንጫጩ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ፣ እጫወታለሁ፤ ዓይኔ ላይ ያለው ግን ያ በአሸዋ የተላጠ እጅ ነው።