«ካልቸር» ያስቆጣቸው አባት

«ከባህል ሐኪም ሸሽቼ ብመጣ፣ እናንተም በባህል ልታክሙኝ ነው?»

ዛሬ ዲላ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ከጪጩ የመጡ አባት ተቆጡብኝ።

ክንዳቸው ላይ ያለው ጭርት በቅባትም በቅጠልም አልለቅ ብሏቸዋል። «አባባ፣ ካልቸር እንሠራለን» ስላቸው፣ ተማሪዋ ልጃቸው ፈጠን ብላ «ባህል ማለቷ ነው» አለቻቸው። (እንግሊዝኛዋ ጎበዝ ነው፣ ላቦራቶሪ ግን ገብቶ አያውቅም።)

«ከቆዳዎ ትንሽ ፍቀን፣ ምግብ ያለበት ሳህን ላይ እናደርገዋለን። ፈንገስ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ ሐኪሙም ዓይነቱን አውቆ መድኃኒት ይመርጣል» ብዬ አስረዳኋቸው።

«እኔ ላጠፋው የመጣሁትን አንቺ ቀለብ ልትሰፍሪለት?» ብለው ሳቁ።

ከወጡ በኋላ በበሩ ብቅ አሉ። «አደራ ልጄ፣ እንዳታስርቢብኝ!»

እናንተንስ ሐኪም ቤት ያደናገራችሁ የትኛው ቃል ነው? ጻፉልኝ፤ የአባባን ፈንገስ እያበላሁ አነባለሁ።