ሳይለመን እሺ ያለው ሹም

አዲስ የተሰነጠቀ እርጥብ ቀርከሃ በሸተተኝ ቁጥር ጥር ወር ትዝ ይለኛል። ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አባቴ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ለማኅበሩ ስብሰባ መቀመጫ ይሠራ ነበር፤ እናቴ የገብስ ጠላዋን ታጠልላለች፣ እኔና እህቶቼ ደግሞ ግቢውን ጠርገን ስናበቃ ጓዳ ገብተን፣ ሽማግሌዎቹ በፈረስ ሲመጡ በግድግዳው ቀዳዳ እናያለን። ማኅበሩ ሙት የሚቀብር፣ ቤት ለተቃጠለበት ጎጆ የሚያቆም፣ ፈረስ ከጠፋበት ሰው ጋር ወጥቶ የሚፈልግ ነበር። ሹሙንም በየዓመቱ እጅ አውጥቶ ይመርጣል። በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ ለምክር ቤት ሰው ምረጡ እየተባለ ሲለፈፍ፣ አባቴ አዲስ አበባ ገና ዛሬ ነቃች እያለ ይስቅ ነበር።

ምርጫው የራሱ ወግ ነበረው። ስሙ የተጠራ ሰው ወዲያው አይቀበልም፤ እኔ ምን አውቄ፣ ከእኔ የሚበልጥ አለ ብሎ ይሸሻል፣ ይለመናል፣ ደግሞ ይሸሻል፣ ጋቢውን ይዘው እስኪጎትቱት ድረስ አሻፈረኝ ይላል። ሹመት ፈልጎ የተገኘ ሰው እንደ ሆዳም ይታይ ነበር። ለብዙ ዘመን ሹማችን የነበሩት አያ ፈንታ በዚህ መሽኮርመም የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ እናቴ «አያ ፈንታ እስኪለመኑ ጠላው ይኮመጥጣል» ትል ነበር። እኛ ልጆቹም ዕቃ ዕቃ ስንጫወት እናት እንድትሆን የተመረጠችው እስክትለመን ድረስ ትሽኮረመምብን ነበር።

ከዚያ አንድ ክፉ ክረምት መጣ። በነሐሴ በረዶ ገብሱን ከአፈር ደባለቀው፣ ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ፣ በመስከረም ደግሞ ፈረስ ከየጋጣው ይጠፋ ጀመር። ማኅበሩ ይሰበሰባል፣ ይጨቃጨቃል፣ ለሚቀጥለው እሑድ ብሎ ይበተናል። በዚህ መሀል ቢያድግ የሚባል ጎልማሳ ጎረቤታችን ተነሣ። ፈረስ ሲጋልብ የሚያምር፣ በአገውኛም በአማርኛም ምላሱ የማይደናቀፍ፣ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እወደው ነበር። መጀመሪያ ሌባው ከውጭ የመጣ ነው አለ። ቀጥሎ አያቱ በደብራችን ያልተቀበረ ሁሉ መጤ ነው አለ። ጎረምሶቹ የተላጠ የቀርከሃ በትር ይዘው ይከተሉት ጀመር። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አልወደዱትም፤ ግን ኀላፊነት ሲይዝ ይገራል ብለው የሌሊቱን ጥበቃ አስረከቡት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

በጥር ስብሰባ የአያ ፈንታ ስም ተጠራ፤ እሳቸውም እንደ ወጉ ደክሜያለሁ፣ ለሚችል ስጡት አሉ። ሁሉም ሊለምናቸው አፉን ሲያሟሽ ከበትረኞቹ አንዱ የቢያድግን ስም ጠራ። ቢያድግም ብድግ ብሎ «እሺ፣ እቀበላለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የተቀበለን ሰው ተው ማለት ነውር ነው፣ አያ ፈንታ ለራሳቸው ቢከራከሩ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው፤ ስለዚህ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም አሉ። እጅ ሲቆጠር የቢያድግ በለጠ። አባቴም እጁን አወጣ፤ ቦራው ፈረሳችን የጠፋው ያን ሰሞን ነበር።

የማኅበሩ ጥሩንባ ወደ ቢያድግ ቤት ሄደ። በሁዳዴ አዲስ ደንብ ወጣ፤ አያቱ በደብራችን ያልተቀበረ ሰው ቢሞት ጥሩንባ አይነፋለትም፣ ማኅበሩም አይቀብረውም ተባለ። አጠገባችን ይኖሩ የነበሩት ሸማኔው አባ ጎሹ ከሞጣ ወገን የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። የለበስነውን ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔና ለእህቶቼም ከተረፈው ድር ለአሻንጉሊቶቻችን ቀሚስ ይሠሩልን ነበር። ያን ዓመት ክፉ ሳል ይዟቸው ስለነበር እናቴ አጥሚት ትወስድላቸዋለች። አንድ ቀን «ሞቱንስ አልፈራውም፤ ቀባሪ አጥቼ እንደ ውሻ መጎተቱን ነው» አሏት።

እናቴ እያለቀሰች ተመልሳ አባቴን፣ «እኔስ የተወለድኩት የት ነው? የልጆችዎ እናት ስትሞት ማን ሊቀብርልዎ ነው?» አለችው። በአገራችን እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመድ አይጋባም፤ ስለዚህ ሚስት ሁሉ ከሌላ ደብር የመጣች ናት። ወንዶቹ ያን ሁሉ ቀን ተቀምጠው ደንብ ሲያወጡ ይህ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

አባ ጎሹ በሐምሌ አንድ ጠዋት ዐረፉ። ጥሩንባው ዝም አለ፤ አባቴ ደጅ ቆሞ ወደ ቢያድግ ቤት ያያል። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ወጣችና ጉብታው ላይ ቆማ እሪ አለች። ከታች ቤት አንዲት ሴት ተቀበለቻት፣ ከማዶ ሌላዋ ቀጠለች፣ ሴቶቹ ዝናቡን እየሰነጠቁ ከየአቅጣጫው ይመጡ ጀመር። ከዚያ ጥሩንባው ተነፋ። የነፋችው ሙሉ የምትባለው የቢያድግ ሚስት ነበረች፤ ትንፋሿ እያጠራት ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ባሏ ሊቀማት ሲነሣ «እኔም የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ መጀመሪያ እኔን ከቤትህ አውጣ» አለችው። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ፣ በትረኞቹም ሳይቀሩ እናቶቻቸውን ተከትለው መጡ፣ አባ ጎሹም እንደ ማንኛውም የመንደሩ ሽማግሌ በክብር ተቀበሩ። ያን ቀን በእናቴ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳሁትም።

በጥር ደንቡ ተሻረ። ቢያድግን ማንም አላባረረውም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ጠላ ተቀድቶለት ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። የአያ ፈንታ ስም ሲጠራ እኛ ከጓዳ ሆነን ልመናውን ጠበቅን። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ መሬት መሬት እያዩ «እሺ» አሉ። እናቴ ከጓዳ እልልታዋን ስታቀልጠው ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፣ እሳቸውም እንደ ሙሽራ አፍረው ተቀመጡ።

ዛሬ የምኖረው ዳንግላ ነው። የሰፈራችን እድር ለቅሶ የሚናገረው በስልክ መልእክት ነው፣ የሟች አያት የት ተቀበሩ ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ትሑት ሰው አሁንም አልጠፋም፤ ሊቀ መንበር ሲመረጥ ደጋጎቹ ዛሬም ሌላ ይቅደም ይላሉ። ድሮ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። አሁን ግን አንድ ደግ ሰው «እኔ ይቅርብኝ» ሲል፣ ለመነሣት የተዘጋጀው ማን ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ዞር እላለሁ።