መቃኑ ላይ የቀረች እጅ

ልጅ ሳለሁ፣ መርሳ ላይ፣ እኛ ቤት ውስጥ ራሱን ብቻ የሆነ ዕቃ አልነበረም። ጨው ጨው ብቻ፣ ኩራዝም ኩራዝ ብቻ አልነበረም። ሁሉም የሌላ ነገር ምልክት ነበር፤ የምን ምልክት እንደሆነ የሚነግሩን ደግሞ አቦይ ሐጎስ ነበሩ። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ከትግራይ ለግንበኝነት ሥራ መጥተው እኛ ዘንድ የቀሩ፣ መዳፋቸው እንደሚጠርቡት ድንጋይ የሻከረ ሽማግሌ። ካቶሊክ ያደረጉንም እሳቸው ናቸው። ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ኦርቶዶክስ በሆነ ሰፈር እኛ አንድ ቤት ነበርን። ጎረቤቱ ባይጠላንም የትኛው ወገን ላይ እንደሚደምረን ግራ ይገባው ነበር። ካህን ወልድያ ድረስ የሚመጣልን አልፎ አልፎ ነው፤ በቀረው ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የአቦይ አፍ ነበር።

ማታ ማታ ትንኝ እንዲርቅ እናቴ ፍሙ ላይ የኒም ቅጠል ትጥላለች፤ ጭሱ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። አቦይ ኩራዙ አጠገብ ይቀመጡና መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ ይጀምራሉ። እሳቸው ዘንድ ቀበሮና ጅብ የለም፤ የሚያወሩት ሁሉ ከቅዱስ መጽሐፍ ነው። ግንበኞች ስለናቁት ድንጋይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ በሕይወታቸው የወረወሩት ድንጋይ ሁሉ ትዝ የሚላቸው ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። አንድ ማታ የምድር ጨው መሆናችንን ሲነግሩኝ «ታዲያ እማዬ ጨው ግዢ ብላ ሱቅ የምትልከኝ ምን ጎድሎብን ነው?» ብዬ እናቴ በማማሰያ አባረረችኝ። አቦይ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ተያት፤ ምላሷ ነው ጨው የበዛበት» አሉ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲያቆም ወባ ገባ። ያኔ ነው አቦይ የበኩር ልጆች ያለቁበትን የግብፅ ሌሊት ያወሩልን።

«የሚያልፈው አያንኳኳም» አሉ፤ «በየደጁ እየቆመ መቃኑን ያያል። የበጉ ደም ካለበት ያልፋል።»

«ከሌለበትስ?» አልኳቸው።

አቦይ ፍሙን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ። አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው፤ የሚያስፈራው ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወልድያ ቅዳሴ አለ ተባለና ቤቱን ቆልፈን ሁላችንም ሄድን። ስንመለስ ከመኪናው ወርደን በሰፈሩ ስናልፍ በየቤቱ መቃን ላይ በጠመኔ የተጻፈ ምልክት አየሁ። የእነ እገሌ ቤት አለበት፣ የሚቀጥለውም አለበት፣ የጠላ ቤቷም ሳትቀር አለባት። እኛ በር ላይ ስንደርስ መቃኑ ባዶ ነበር። ለካ የወባ ሰዎች መጥተው፣ አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ቤት ለቤት መድኃኒት ረጭተው የረጩትን ቤት ምልክት እያደረጉበት ሄደዋል። ይህን እናቴ ነገረችኝ። ገባኝ፤ ግን ልቤ አልገባውም። ከሰፈሩ ሁሉ ተለይተን እግዜር ቤት የሄድን እኛ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ተለይተን ያልተጻፈብን ደግሞ እኛው!

«ተመልሰው ይመጣሉ» አሉ አቦይ።

አልመጡም። የሦስት ዓመቷ እህቴ ለምለም ግን በትኩሳት ነደደች። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ክኒን ታስመልሰዋለች፤ ወደ ማታ ዓይኗን መግለጥ ተወች፤ ስንጠራትም ወደኛ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ትዞራለች። ሲነጋ ወልድያ ሆስፒታል እናደርሳታለን እንጂ በዚያ ሰዓት መኪና የለም፤ አባቴም ሹፌር ነበርና መንገድ ላይ ነው።

«አቦይ፣ በሩን ይቀቡልን» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ምልክታችን ግንባራችን ላይ ነው፤ ተጠምቀናል።»

«በዚህ ጨለማ ግንባሯን ማን ያይላታል?»

አቦይ በሩን ዘግተው፣ መቁጠሪያቸውን አውጥተው ተንበረከኩ። እናቴ ለምለምን ታቅፋ ፍሙ ዳር ትወዛወዛለች። የኩራዙ ጥላ ግድግዳው ላይ ከእሷ ጋር ይወዛወዛል። ያኔ ሰማሁት። ከሰፈሩ ላይኛው ጫፍ የሚመጣ እርምጃ ነበር፤ ይራመዳል፣ ይቆማል፤ ይራመዳል፣ ይቆማል። ውሻ አልጮኸም። የሚቆመው ከየበሩ ፊት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሰፈሩን በእግሬ ለይቼ የማውቅ ልጅ ነኝ። የጠላ ቤቷ ጋ ቆመ። አጠገባችን ያለው ቤት ጋ ቆመ። ቀጥሎ እኛ ነን።

በራችን ላይ አንድ ነገር ጠፍ አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከውጭ፣ ከመሬቱ አጠገብ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ ጀመረ፤ ልክ እንደ አቦይ መቁጠሪያ። መጀመሪያ የሳቸው መስሎኝ ነበር። አቦይ ግን ጣታቸውን አቆሙ። ውጪ ያለው አላቆመም።

ማነው አላሉም። እናቴም አላለች። ማነው ያለ ሰው መልሱን መስማት ይኖርበታላ! አቦይ ላብ አጥምቋቸው ጸሎቱን ከፍ አድርገው ቀጠሉ፤ ውስጥ አንድ የመቁጠሪያ ጠጠር ሲወድቅ ውጪ ሌላ ይወድቃል። እኔ የእናቴን ነጠላ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ስሰማ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደኝ ዛሬም አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ የእናቴ ለቅሶ ነው፤ የደስታ ነው። ለምለም አልቧት፣ ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ ውሃ ስጡኝ እያለች ትነጫነጫለች። አቦይ በሩን ከፈቱ። ደጃፉ ላይ፣ መቃኑን ተደግፈው፣ የዱዓ መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃው፣ ጭናቸው ላይ ወድቆ፣ እትዬ ዘሀራ ተኝተዋል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ እጅ ሂና የሚቀቡ ሴት ናቸው። መቃኑ ላይ፣ ከራሳቸው በላይ፣ ቀይ እጅ ታትሟል፤ አምስቱም ጣት።

ባነኑና መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው። «ውይ ወላሂ፣ በራችሁን አበላሸሁት! ሂናው ሳይደርቅልኝ ነው የመጣሁት። ልጅቷስ?»

«አላባት» አለች እናቴ።

«አልሃምዱሊላህ። ጸሎት ላይ ናችሁ ብዬ ነው ያልገባሁት፤ እኔም እዚሁ ሆኜ ዱዓዬን ላድርግ ብዬ።»

እናቴ ጨርቅና ውሃ ልታመጣ ዞረች። አቦይ እጇን ያዟት። የለሰኑት ግድግዳ ላይ ጣቱን ያሳረፈን ልጅ ጆሮ የሚጠመዝዙ ሰው «ማንም እንዳይነካው» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዘሀራ፣ ማታ ከላይ ጀምሮ በየደጁ ስትቆሚ የነበርሽው አንቺ ነሽ?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘሀራ አቦይን ትክ ብለው አዩአቸው። «እኔ? እኔማ መንገዱን ተሻግሬ ነው የመጣሁት። እኔም ሰምቼዋለሁ እኮ! እናንተ ጋ ሳይደርስ ልቀመጥ ብዬ አይደል የሮጥኩት?»

ሁላችንም ወደ መንገዱ አየን። አቧራው ላይ ከእትዬ ዘሀራ በቀር የማንም ኮቴ አልነበረም፤ ወይ እኔ ያኔ አልታየኝም። ነገሩን ከዚያ በኋላ ያነሳው የለም።

አቦይ ግን የግብፅን ሌሊት ሲያወሩ መጨረሻውን ለወጡት። ደሙ ለሚያልፈው ሳይሆን ውስጥ ላሉት ነው ይሉ ጀመር። «የሚያልፈውማ ቤቱን ያውቀዋል፤ የሚያስፈልገው ለምንፈራው ለኛ ነው።» እኔ መቼ ዝም እላለሁ! «ውስጥ ያለ ሰው የውጭውን መቃን በምን ያየዋል?» አልኳቸው። «አያየውም» አሉ አቦይ፤ «ደጅ ላይ ሰው እንዳለለት ግን ይሰማል።»

ዛሬ ወልድያ ላይ ክርና መርፌ እሸጣለሁ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ አነባለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ንባቡን ራሴ ነኝ ታግዬ ያመጣሁት። ያንን ቦታ ከመጽሐፉ ላይ አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነበው እውነትም ምልክቱ በቤቱ ውስጥ ላሉት እንደሚሆንላቸው ተጽፎ አገኘሁት። አቦይ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ተከራክሬ የተሸነፍኩት ለሙት ነው። አሁን በቅዳሴ ስለ እግዚአብሔር በግ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ሥዕሉ ላይ ያለው ነጭ በግ አይደለም፤ ሂና የተቀባች የጎረቤት እጅ ናት። ይህን ለአንድ ካህን ብነግራቸው ሳል ሳል አላቸው። ይሳሉ።

ባለፈው ክረምት እትዬ ዘሀራ ታመሙ ተባለና ለምለምን ከምትኖርበት ከሐራ ጠርቼ መርሳ ወረድን። ለምለም ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ አፏም ከኔ ይብሳል። ስንደርስ መሽቷል፤ ውስጥ ዱዓ ይዘዋል። እሷ በጓሮ በኩል ወደ ሴቶቹ ገባች። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መቁጠሪያዬን አወጣሁና ጀመርኩ። መንገዱ ጨልሟል። ባጃጅ አለፈ፣ ከዚያ ምንም። ጆሮዬን ወደ ሰፈሩ ላይኛው ጫፍ ጣልኩ፤ እርምጃ አልሰማሁም። ወይ አልነበረም፣ ወይ ደግሞ ልጅነቴ ነበር የሚሰማው።

ድንገት በሩ የስንጥቅ ያህል ተከፈተ። በስንጥቁ አንዲት ዓይን፣ የእትዬ ዘሀራ የልጅ ልጅ ዓይን፣ ታያለች፤ እኔን ሳይሆን ጣቴ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚለውን። ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ለካ ከውስጥ ሆኖ ለሚሰማ፣ ሊጠብቅ የተቀመጠውና ሊወስድ የመጣው ድምፃቸው አንድ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት፤ «ጎረቤት ነኝ። እስኪነጋ እዚሁ ነኝ።»

ቆይታ አንዲት ትንሽ ጣት በስንጥቁ ወጣች፤ ቀሚሴን ነካች፣ ጫን አድርጋ አየችውና ተመለሰች።