ኮፈኑ ክፍት በሆነበት ሳምንት

የወንድሜ መኪና ዳገት አልወጣም ብላ የቆመችው እቤታችን በር ላይ ነው። ደግ አደረገች። ሌላ ቦታ ብትቆም ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት የሚጀምርበት ቦታ። ከበራችን ወደ ላይ ያለው ሁሉ ዳገት ነው። ወንድሜ በዚያች ትንሽ ነጭ መኪና ሰው እየጫነ ይሠራ ነበር። ሲሞት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከረመች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እናቴ ሸራውን ገፈፈችና "በል ሥራባት" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሠራሁባት ለማለት ግን ይከብደኛል። አንደኛ፣ ወንበሩን ወንድሜ ወደ ኋላ ገፍቶ እንደተወው ነው። እሱ ረጅም ነበር። ወደ ፊት ላምጣው እላለሁ፣ እጄ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ፍሬን የምይዘው በእግሬ ጣት ነው። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ እንደ ልጅ ትሮጣለች፣ ዳገት ስታይ ግን ታቃስታለች... ማለቴ፣ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ታወጣለች። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም አትሰማኝም። አንድ ቀን የጫንኳቸው ሴትዮ "ልጄ፣ ወርጄ ልግፋልህ?" አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው በሩን ከፍተው ወረዱ።

መካኒኩ የወንድሜ አብሮ አደግ ነው። ጋራዡ ያለው ከኛ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። መኪናዋ እዚያ እንድትደርስ ዳገቱን መውጣት አለባት፤ ዳገቱን መውጣት ብትችል ደግሞ ጋራዥ ምን ያደርግላታል? ስለዚህ እሱ ዕቃዎቹን በኬሻ ተሸክሞ ወደኛ ወረደ። መኪናዋን ከአጥሩ ውጭ አቁመን ኮፈኑን ከፈትነው።

እዚህ ላይ አባቴን ማስገባት አለብኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ እቤት ገባና ቀረ። ታሞ አይደለም። ይበላል፣ ራዲዮ ይሰማል፣ ሲጠሩት "እ" ይላል። የግቢውን በር ግን አይሻገርም። ወንድሜ ሆስፒታል በገባ በጥቂት ቀን ነው ያረፈው። አንዱ ሐኪም ጉበት ነው አለ፣ ሌላው ደም ነው አለ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ተናግሮ ሄደ። አባቴ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ "ምን ገደለው?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ሰዉ የእግዜር ሥራ ነው ሲለው ጊዜ መጠየቁን ተወ፤ መናገሩንም አብሮ ተወው። አሁን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነበር። እናቴ ስለ ድግሱ ባነሣችበት ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያን ዕለት ቄሱም ዘመዱም ሲሰበሰብ፣ አባትየው ከጓዳ አልወጣም ይላል ብላ ትፈራ ነበር።

በኛ ሰፈር ኮፈን ሲከፈት ማንም ሰው አይጠራም፣ ሁሉም ይመጣል። መጀመሪያ የደረሰው ከፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ ነው። ባለሱቁ የማያውቀው ነገር የለም። መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ሞተሩን አንድ ጊዜ አየና "ካምቢዮ ነው" አለ። ካምቢዮው አልቋል፣ ወርዶ መለወጥ አለበት፣ የአጎቱ ልጅ መኪናም ልክ እንደዚህ ሆኖ ነበር። ድምፁ ደግሞ ዝግ ማለት አያውቅም።

ያኔ ከቤታችን መስኮት ድምፅ መጣ።

"ካምቢዮ አይደለም።"

አባቴ ነው። መካኒኩ ቁልፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም መስኮቱን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ባለሱቁ ግን ምንም አልመሰለው።

"ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?"

ባለሱቁ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

"እንግዲህ እርስዎም ካላወቁት ካምቢዮ ነው።"

በሩ ተከፈተ። አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ ደጃፉ ላይ ቆመ። ካምቢዮ ቢሆን ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ትቆም ነበር፣ የዚች ግን ራሱ ሞተሩ ታፍኗል አለ። ባለሱቁ ከዚያ ሆነው እንዴት ያዩታል አለው። አባቴ ሊያሳየው ወጣ። በቃ፣ የግቢውን በር የተሻገረው እንደዚያ ነው። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ፣ አባቴ ሲያያት ጊዜ ልብስ የምታሰጣ መሰለች። የሚሰጣ ልብስ አልነበረም። የእጅ ፎጣውን ሰቀለችው፣ አወረደችው፣ ደግማ ሰቀለችው።

መካኒኩ ከመሪው ስር ትንሽ ዕቃ ሰክቶ በስልኩ አነበበና ካታሊስት ነው ይላል አለ። አባቴ በዚህ ስም የሚጠራ ዕቃ ሰምቶ አያውቅም። መካኒኩ በጭሱ መውጫ፣ በማርሚታው መንገድ ላይ ያለ፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ፣ ጭሱን የሚያጣራ ነገር ነው ብሎ አስረዳው። አባቴ ጭስ ደግሞ ምን ይጣራል፣ ጠላ ነው እንዴ አለ።

መካኒኩ ግን ሌላ ነገር ነበር የገረመው። ይሄ ነገር ሲበላሽ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት መታየት ነበረበት። እኔ ምንም በርቶ አላየሁም አልኩት። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። በመብራቱ ልክ፣ በመቀስ ተስተካክሎ የተቆረጠ ጥቁር ፕላስተር ተላጠ። ስሩ መብራቱ ቦግ ብሏል።

"ለወንድምህ ነግሬው ነበር" አለ መካኒኩ። "ተሳፋሪ ሲያየው ይፈራል አለኝ። በሳምንቱ ምን አደረግከው ስለው፣ 'አስተካከልኩት' አለኝ።"

የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ልይዘው ተጠጋሁ። ለካ እየሳቀ ነው። የሱም ታክሲ ቤንዚን መለኪያ ላይ ፕላስተር ነበረ፤ ልጁ ያንን እያየ ነው ያደገው።

መካኒኩ ስልክ የተናገረውን ብቻ የሚያምን ሰው አይደለም። ሞተሩን አስነሥቶ እጃችንን ከማርሚታው አፍ ላይ እንድንይዝ አደረገን። የሚወጣው ትንፋሽ ሻማ እንኳ አያጠፋም። ቀጥሎ ስሯ ገብቶ ካታሊስቱን በጎማ መዶሻ ሲመታው፣ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። በመጨረሻ ከካታሊስቱ በፊት ያለውን ሴንሰር ፈትቶ ጭሱ በዚያ ቀዳዳ እንዲያመልጥ አደረገና "ንዳት" አለኝ። ነዳኋት። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እየተከተለኝ፣ እንደ ትራክተር እያጓራች ዳገቱን ወጣችው። ስመለስ መካኒኩ መንገዱ መዘጋቱ ተረጋገጠ አለ። ባለሱቁም እኔም ከመጀመሪያው ይህንኑ ነበር ያልኩት አለ።

መካኒኩ እጁን ሊታጠብ ጓዳ ሲገባ እናቴ ውሃ እያፈሰሰችለት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀችው። ዕቃው ከተገኘ ግማሽ ቀን ነው አላት።

"ሳምንት ይፈጃል" አለች።

"አይ እማማ፣ ግማሽ ቀን..."

"አባትየው ደጅ ነው ያለው። ሳምንት ይፈጃል።"

መካኒኩ ፕሮቴስታንት ነው፤ በቤተክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ጆሮው ቀላ። "እማማ፣ እኔ መዋሸት አልችልም" አላት።

"ማን ዋሽ አለህ? ቀስ በል ነው ያልኩህ።"

ቀስ ማለት ግን አያውቅበትም። በማግስቱ አንድ ቡሎን ፈትቶ በጋዝ አጠበው፣ አደረቀው፣ ደግሞ አጠበው። ከመኪናዋ ስር ተጋድሞ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ብቅ ይልና ዛሬ ይብቃን ይላል። አባቴ ወደኔ ጠጋ ብሎ ይሄ ልጅ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ አንደኛው ቡሎን የእውነት ዝጎ አልፈታ አለ። የመካኒኩን ፊት ብታዩት! ያለ ኃጢአት ግማሽ ቀን አገኘ።

በለቅሶው ጊዜ የወንድሜ ጓደኞች ከኛ ቤት አይጠፉም ነበር። በኋላ ቀስ በቀስ ቀሩ። አልተቀየምናቸውም፤ ምን ብለው ይመጣሉ? አሁን ግን መኪና አለች። ከሥራ ሲመለሱ ቆም ይሉና "እንዴት ሆነች?" ይላሉ። ባለሱቁ አግዳሚውን አወጣ። አባቴ መሀል ይቀመጣል። ወሬው ከመኪናዋ ይነሣና ወንድሜ ዘንድ ይደርሳል፤ ቤንዚን በጠብታ እየቀዳ እንዴት እንደሚነዳ፣ ተሳፋሪ እንዲያገኝ እንዴት ሽቶ መኪናዋ ላይ እንደሚረጭ። አባቴ ያላወቀው ብዙ ነበር። እኔም እንደዚያው።

የሁሉም ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ካታሊስቱን አውጥታችሁ ውስጡን በብረት ቦርቡሩት፣ ባዶውን መልሳችሁ ግጠሙት፣ ከተማው ውስጥ ስንት መኪና እንደዚያ ይሄድ የለም ወይ። መካኒኩ እኔን አየኝ። እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ውስጡ ባዶ ሆኖ ላዩ ያለ የሚመስል ነገር አልፈልግም አለ። ስለዚህ መካኒኩ ከተገጨ መኪና ላይ የወረደ፣ ውስጡ ደህና የሆነ ሌላ ካታሊስት ፈልጎ አመጣ።

የኛው በተፈታ ቀን አባቴ ተቀብሎት ወደ ብርሃን አዞረው። ያ የማር እንጀራ ቀልጦ፣ ተሰባብሮ፣ መንገዱን ደፍኖታል።

"ይኼን ምን ገደለው?" አለ።

መካኒኩ ያልነደደ ቤንዚን እዚያ ደርሶ ሲነድ ያቀልጠዋል አለው። አባቴ ለምን አልነደደም አለ። ካንዴላው በደንብ ካላቀጣጠለ እንደዚያ ይሆናል፤ አዲሱን ከመግጠሜ በፊት እሱን ማየቴ አይቀርም ነበር አለ መካኒኩ። አባቴ እስኪያይለት አልጠበቀም። ጋቢውን ለኔ ሰጠኝና ካንዴላዎቹን ራሱ ፈታ። አንዱ ጥቁር ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ እርጥብ ነው። ሌሎቹ ደህና ናቸው። አባቴ ያንን በጣቶቹ መሀል ይዞ አገላበጠው።

"ይህ እንኳ ምክንያት አለው" አለ።

መካኒኩ ማንጎራጎሩን አቆመ። እኔ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ጋቢውን አጥፌ ዘረጋሁ፣ ደግሜ አጠፍኩ። ዝምታው የከበደው ባለሱቁን ነው። የአጎቱን ልጅ ካንዴላ ታሪክ አመጣ። አባቴ ዞር ብሎ "የአጎትህ ልጅ መኪና ያልሆነው ነገር አለ?" አለው። ሁሉም ሳቀ፤ ባለሱቁም ሳቀ።

ካንዴላዎቹ ተለወጡ፣ ያንን አንዱን የሚያቀጣጥለው ኮይልም ተለወጠ፣ ካታሊስቱ ተገጠመ። መካኒኩ ቢጫውን መብራት በስልኩ አጠፋው። በፕላስተር ሳይሆን፣ ከምንጩ። ኮፈኑን ሲዘጋው የእናቴን ፊት ላለማየት ዞሮ ነበር። ባለሱቁ አግዳሚውን አስገባ። አባቴ "ደህና እደሩ" ብሎ ገባና በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ አልወጣም። ቁርሱን በላ፣ ራዲዮውን ከፈተ፣ እናቴ ስትጠራው "እ" አለ። እናቴ ወደኔ መጣችና አንድ ቡሎን ላላ ባደርግ ምን አለበት አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም። እኔም ሳልቀልድ የትኛውን ብዬ እያሰብኩ ነበር። ማለቴ የማይጎዳ፣ ግን ደግሞ የሚታይ መሆን አለበት።

ቁልፍ ፍለጋ ሳጎነብስ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ነጠላ ጫማ አይደለም፣ ጫማ። አባቴ ኮቱን ለብሷል፣ ተላጭቷል፣ አገጩ ላይ ትንሽ ደም አለ። ዳገት ላይ ያልተሞከረች መኪና ተሠራች አይባልም አለኝና መሪውን አስይዞኝ ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ እግሬን አየ።

"በጣትህ ነው እንዴ የምትነዳው?"

እጁን ከወንበሬ ስር ሰድዶ ብረቱን ሳበው። ወንበሩ ከነእኔ ወደ ፊት ተንሸራተተ። ሞተሩን አስነሣሁ።

የእንጦጦን መንገድ ወጣን። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ እንኳ መኪናዋ አላቃሰተችም። አባቴ መንገዱን ሙሉ ማርሽ ቀይር፣ አትቀይር፣ አሁን ቀይር ሲለኝ ነው የዋለው። ላይ ስንደርስ ወርዶ አየር የሚቀበል መስሎኝ ልቆም ስል አዙራት አለኝ። ወዴት ስለው፣ ሸጎሌ አለ።

ሸጎሌ በግ ተራ ደረስን። አባቴ ወርዶ በጎቹ መሀል ገባ። የአንዱን ጀርባ ጨበጠ፣ የሌላውን ላት መዘነ፣ አንድ ትልቅ ቡናማ በግ አፍ ከፍቶ ጥርሱን ቆጠረና ይሄማ አርጅቷል አለ። ነጋዴው ጋሼ እሱ ካረጀ እኔ ተቀብሬያለሁ አለው። ሰው ከበባቸው፣ ግማሹ ከበጉ፣ ግማሹ ከአባቴ ጋር ሆነ። ነጋዴው ልክ የሚሆነውን ልምረጥልዎ ብሎ "ለምንድን ነው የሚፈልጉት?" አለው።

አባቴ የበጉን ቀንድ አልለቀቀም።

"ለልጄ ሙት ዓመት ነው።"

ነጋዴው ዱላውን መሬት ላይ አቆመና ነፍስ ይማር አለ። የከበቡንም ነፍስ ይማር አሉ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም። አባቴም እንደገና የበጉን አፍ ከፈተ።

እኔ ራቅ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም።

"በግ እየገዛ ነው" አልኳት።

"ማን?"

"አባዬ። ሸጎሌ ነን።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

"ጥርሱን አይቷል?" አለች።

"አይቷል። አርጅቷል ብሎ ከሰውዬው ጋር እየተጣላ ነው።"

"ተወው" አለች እናቴ፣ "ይጣላ።"