በነጠላ ያዘልኩት ቴስታታ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እኔና ባለቤቴ ታደሰ ከተጋባን ብዙም ሳንቆይ ነው። ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ልጅ ያዘለች ሴት ሳይ ብቻዬን እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ታደሰ የሚሠራባት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አንዲት ትንሽ አሮጌ ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረችን። አንድ ቀን ዳገት ላይ ውሃ ጨርሳ ጋለችና ቴስታታዋ ተሰነጠቀ። ቴስታታ ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ወፍራም ብረት ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ መኪናዋ አበቃላት። ያን ጊዜ አዲስ ዕቃ እንደልብ አይገኝም። ያለው አማራጭ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሞተ መኪና የተፈታ መፈለግ ነው። ታደሰ ስንት ሳምንት ተመላለሰ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቤታችን ከእጅ ወደ አፍ ነበር፣ አሁን እሱም ጠፋ። እኔን ያስፈራኝ ግን ችግሩ አይደለም፤ ያ ጨዋታው የማይጠገብ ሰው ዝም ማለቱ ነው።

"እስቲ እኔ ሄጄ ልሞክር" አልኩት።

"አንቺ ቴስታታን ከድስት ክዳን ለይተሽ ነው?" አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስላሾፈብኝ ደስ አለኝ።

ሶማሌ ተራ አሮጌውን ሳይዙ ከሄዱ ማንም አያናግርም። ቀዳዳ ከቀዳዳ አስተያይተው ነው የሚሰጡት። የኛ ደግሞ ይከብዳል፣ ዘይት በዘይት ነው፣ ትኬት ቆራጩ ቢያየው አውቶቡሱ ውስጥ አያስገባኝም። ስለዚህ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለልኩና በነጠላዬ አዘልኩት።

አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ገና ሲያዩኝ ብድግ አሉ። "ነይ ልጄ፣ ሕፃን አዝለሽማ አትቆሚም።" እምቢ ብል ይባስ ሰው ሊያየኝ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ወደፊት ዘንበል ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልተዉኝም።

"ፊቱን ግለጪለት እንጂ፣ ይታፈናል።"

"አሞታል አባባ፤ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው።"

"ውይ! እግዜር ይማርልሽ፣ ያሳድግልሽ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሶማሌ ተራ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በኋላ አንዱ "የሴይቼንቶ ከሆነ ጋሼ ወልዴ ጋ ሞክሪ" ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አሳየኝ። ስገባ ባለሱቁ ባርኔጣቸውን ምስማር ላይ እየሰቀሉ ነው። ዞር ሲሉ የአውቶቡሱ ሽማግሌ ናቸው።

ልሽሽ አልኩ፣ ግን የት ልሂድ? ነጠላዬን ፈትቼ ቴስታታውን ባንኮኒው ላይ አጋደምኩት። ጋሼ ወልዴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"የታመመው ልጅ ይሄ ነው?" አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እኔም ይቅርታ እየጠየቅኩ ስለ ታደሰ ነገርኳቸው። ተኝቶ እንደሚውል፣ እንደማያወራ። መሃል ላይ እንባዬ መጣ። እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉ። ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄስ አይድንም። ጓሮ አንዲት የሞተች ሴይቼንቶ አለችኝ፤ ቁጭ በይ" ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ከጓሮ የመፍቻ ድምፅ ሲሰማ ቆየ። እጃቸው ጠቁሮ፣ ደህና ቴስታታ ይዘው መጡ። ለስሙ ያህል ትንሽ ነገር ተቀብለው አሮጌውን አስቀሩት። ሮጬ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

አዲሱንም አዝዬ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ጀርባዬ ረጠበ። ላብ መስሎኝ ነበር፤ ከኋላዬ የቆመች ሴት ግን "እህቴ፣ ልጁ ሸናብሽ እኮ!" አለችኝ።

ታደሰ ሲያየው ከአልጋው ተስፈንጥሮ ተነሳ። አገላበጠው። ከቀዳዳው ውሃ እጁ ላይ ጠብ ሲል ፊቱ ተለወጠ።

"የሞተች መኪና ናት አሉሽ? የሞተችማ ውሃዋ ደርቆ፣ ብረቷ ዝጎ ነው የምትገኘው። ይሄ ሰሞኑን ሲሠራ የነበረ ነው።"

በማግስቱ እሱ ተሸክሞት አብረን ሄድን። ጋሼ ወልዴን ሰላም ብሎ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈ። ታጥባ የምታብረቀርቅ ሴይቼንቶ ቆማለች። የኋላ ክዳኗ ተከፍቷል፣ ሞተሯ አቧራ እንዳይገባው በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኗል።

"ጋሼ፣ ይቺ የሚነዷት ናት። የሰው መኪና አቁሜ የኔን አልነዳም፤ መልሰው ይግጠሙት" አለ ታደሰ።

ጋሼ ወልዴ ተቆጡ። "ደህና ናት ብላት ትወስድልኝ ነበር? ቤንዚኑ በኩፖን ስለሚሰፈር እኔ እንደሆነ ግማሹን ወር በአውቶቡስ ነኝ። የኔዋ ብትቆም ምን ይመጣል? አንተ ግን ተኝቷል አለችኝ። በል ሂድና ሥራ!"

ታደሰ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ቴስታታውንም መልሰው አሸከሙት።

ታክሲያችን ተነሳች። ታደሰ ጠዋት ጠዋት ጋሼ ወልዴን ሱቃቸው ሊያደርስ ቤታቸው በር ላይ ይቆማል፤ እሳቸው "የሰው ገበያ አልዘጋም" እያሉ በሌላ በር ሹልክ ይላሉ። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድባቸው ፌርማታ ላይ ያዛቸውና በግድ አስገባቸው። እስከ መርካቶ ሲሰድቡት ሄዱ። ማታ ስድቡን በሳቸው ድምፅ እያስመሰለ ሲነግረኝ፣ ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ አለቀስኩ። ለራሳቸው ቴስታታ ያገኙት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ጋሼ ወልዴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አዝኖልኛል፣ ብዙ ሰው ረድቶኛል። የሚነዳትን መኪና ፈትቶ "የሞተች ናት" ብሎ የዋሸልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።