ዳማ ያላየው መንገድ

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ አጣዬ ስንወርድ ነዳጅ ለመቅዳት ደብረ ብርሃን ላይ ቆምን። ከፊታችን በቆመች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አንድ ውሻ ተሳፍሮ ነበር። ጎንና ጎኑ በተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎለት፣ በሩ ላይ የውኃ ጣሳ ተንጠልጥሎለት፣ ሳጥኑ ራሱ በመኪናው ቀበቶ ተጠፍሮ፣ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ቦታ የደረሰው መንገደኛ መስሎ ተቀምጧል። ባለቤቶቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሥራ ተቀይሮላቸው ወደ ኮምቦልቻ እየሄዱ ነው። ሚስትየዋ የቆላውን ሙቀት ፈርታ ኖሮ፣ የዚያ አገር ልጅ መሆኔን ከሾፌራችን ስትሰማ ወደ እኔ መጥታ ሸዋ ሮቢት ላይ ይከብደው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የማውቀውን ነገርኳት። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዱን ሳይሞላ ቢወርድ እንደሚሻል፣ ደብረ ሲና ላይ አውርደው በገመድ ይዘው ትንሽ ቢያንሸራሽሩት፣ ቆላ ከገቡ በኋላ ለደቂቃም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትተውት እንዳይወርዱ፣ ውኃውንም ጥቂት በጥቂት እንዲሰጡት። ሁሉንም በስልኳ ጻፈችው። ‹‹ከሁሉም በላይ ግን...›› ብዬ ስጀምር ከቆላ የመጣ አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከጎናችን ቆመ። ፀሐይ ላይ ሲያልበው የዋለ የሽንኩርት ጆንያ ሽታ፣ ጣፋጭም መራራም የሆነው፣ ማደያውን ሞላው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሻ ብድግ ብሎ አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ለጠፈ። እኔም የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አጣሁት፤ በዘጋቢነት ዘመኔ ብዙ ጊዜ የማይገጥመኝ ነገር ነው።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ በወንዙ ዳር ነበር። አራት የማንጎ ዛፎች፣ ከወንዙ በቦይ ውኃ የሚጠጣ የሽንኩርት መደብ፣ ከዚያ ወዲያ ማሽላ፣ ዙሪያውን ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ የእሾህ አጥር። እናቴን ወባ የወሰደቻት እኔ ትንሽ ሳለሁ ስለሆነ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ የምንኖረው አባቴ፣ እኔና ዳማ ነበርን። ዳማ ያልነው በመልኩ ነው፤ ቀይ ዳማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጠብታ ያለበት፣ አንድ ጆሮው በጃርት ወስፌ የተተለተለ ውሻ።

አባቴ ሶላት የማያሳልፍ ሰው ስለነበር ከዳማ ጋር የሚኖረው በሕግ ነበር። ዳማ የቤቱን ደፍ አያልፍም፤ የሚበላበት ገል ከእኛ ዕቃ ጋር አይገናኝም፤ የአባቴም የእርሻ ልብስና የመስገጃ ልብስ ለየብቻ የተሰቀሉ ነበሩ፤ የውሻ ምራቅ ነክቶት ልብስ ማጠብ ለሽማግሌ ቀላል ሥራ አይደለምና። የሚገርመው ሕጉን ከሁላችን ይልቅ የሚያከብረው ዳማ መሆኑ ነው። ጁምዓ ዕለት አባቴ ነጩን ለብሶ ብቅ ሲል፣ ሌላ ቀን እየዘለለ የሚቀበለው ውሻ ወደ ማንጎው ሥር ገለል ይልና ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይተኛል። አባቴ ይህን እንደ ዕውቀት ቆጥሮለት፣ ከሰፈራችን ሰው ግማሹ የዳማን ያህል አደብ ቢኖረው ጎረቤትነት ባላስቸገረ ነበር ይል ነበር። ይህን እየሰሙ የሚስቁት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው ግማሹ ሌላው ሰው እንደሆነ ያስቡ ነበር።

ዳማ የተያዘው ግን ለአደቡ አልነበረም። ማሽላው ሲያሽት ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሽንኩርቱ ሥር ሲሰድ ጃርት፣ አፈሩ ሲርስ ከርከሮ ይመጣል። አንድ የከርከሮ መንጋ የሦስት ወር ልፋት በአንድ ጥዋት ገልብጦት ሲሄድ አይቻለሁ። ዳማ ካደገ በኋላ ግን ይህን አላየንም።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት ወባ ሦስት ጊዜ ጣለችኝ። በሦስተኛው ጊዜ የጤና ጣቢያው ሰው ለአባቴ፣ ይህች ልጅ ደጋ ካልወጣች አላምናትም አለው። አባቴ እናቴን ስለቀበረ ሁለተኛ አላስነገረም። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ሐዋ እንድትቀበለኝ ተላከባት፣ እሷም እሺ አለች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ሳምንት ሙሉ ምግብ ባየሁ ቁጥር አለቀስኩ። በስምንተኛው ቀን አባቴ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገና የማልጠብቀውን ነገር ተናገረ።

‹‹ብቻሽን አትሄጂም። ዳማ አብሮሽ ይሂድ። ብቻ መንገዱን እያየ ይሂድ። አገሩ ካልተስማማው በእግሩ ይመለሳል።››

ማሽላው ሊያሽት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው ይህን ያለው። ምን እንደሰጠኝ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ የኋለኛው ንግግሩ ብቻ ነበር፤ ሊመለስ ይችላል ማለቱ።

ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ፍርሃቴን አወቁብኝ። በእኛ አገር ድመት ወይም ውሻ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ዓይኑን ሸፍኖ መውሰድ የተለመደ ነው፤ መንገዱን እንዳያውቅ በጆንያ ይከተታል፣ አንዳንዱ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል። እትዬ ፋጡማ ንጹሕ የማዳበሪያ ጆንያ አጣጥፈው ከልብሴ ሥር ከተቱልኝና፣ ‹‹ሸፍነሽ ውሰጅው። አለዚያ ሳምንት ሳይሞላው አባትሽ ደጅ ታገኚዋለሽ›› አሉኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ልጅ ሲያለቅስ ማየት የማይወዱ ሴት ነበሩ።

የወሰደን ጋሽ ሙሄ ነው፤ የአገሩን ሽንኩርት አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ አባቴ የሚያምነው የአይሱዙ ሾፌር። አባቴ ዳማን በጆንያዎቹ አናት ላይ፣ ጥላ ባለው ከጋቢናው ኋላ ባለ ቦታ አስቀመጠው። ገመዱን ራሱ ለካው፤ መቆምና መተኛት እንዲችል፣ መዝለል ግን እንዳይችል። ከሥሩ ጭድ አደረገለት፣ የሚበላበትን ገል ውኃ ሞልቶ በሁለት ጆንያ መሐል አጸናለት። ያን ጥዋት የእርሻ ልብሱን ነበር የለበሰው፤ ስለዚህ ሲጨርስ የዳማን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ቆየ። እኔን የተሰናበተኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማውን እንደወጣን ጋሽ ሙሄ ጎማ ሊያይ ቆመ። እኔም ጆንያውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ዳማ ጨዋታ መስሎት ራሱ ገባልኝ። አፉን በሲባጎ አሰርኩት፣ እንዲተነፍስ ብዬ ጎኑን በምላጭ ቀዳደድኩት፤ ቀዳዳው ግን ወደ ሥር ነው፣ ሽንኩርቱን እንጂ መንገዱን እንዳያይ። ስወርድ ጋሽ ሙሄ ከታች ቆሞ ያየኛል።

‹‹አንቺ፣ እንዲህ አድርጊ ያለሽ አባትሽ ነው?››

አዎ አልኩት።

‹‹እኔ ሽንኩርቱን እንኳ አየር እንዲያገኝ አድርጌ ነው የምጭነው›› አለና ሞተሩን አስነሳ።

ያን መንገድ እኔ በመስኮት አየሁት። ሙቀቱ በየጥምዝምዙ ሲቀንስ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሳ፣ የጣርማ በር ዋሻ አፉን ከፍቶ ሲውጠን፣ በወዲያኛው በኩል ብርዱ እንደ በር ሲከፈትብን ሁሉንም አየሁ። ዳማ ያየው የጆንያ ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ሲባጎውን ስፈታ አስመልሶ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ እግሮቹ ደንዝዘው አልቆም አለ። ስጠራው ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ እንጂ አልመጣም። አክስቴ የሽንኩርቱን ሽታ ስትሰማ አፍንጫዋን ይዛ፣ ይሄ ሊጠብቀን ነው የመጣው ወይስ ልንቀቅለው አለች። ከጋሽ ሙሄ በስተቀር ሁላችንም ሳቅን።

ሰባት ቀን በአክስቴ ጓሮ ታስሮ ሰነበተ። የቆላ ውሻ ነውና ጠጉሩ ስስ ነው፤ ብርዱን አልቻለውም። ያቀረብኩለትን አሽትቶ ይተወዋል። በስምንተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመዱ ተበጥሶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የደብረ ብርሃንን መንገዶች ያወቅኳቸው እሱን ስፈልግ ነው።

በአሥረኛው ቀን ግድም ጋሽ ሙሄ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመለስ አክስቴ ቤት ጎራ አለ። ዳማን አይቶታል። ከከተማው መግቢያ፣ የጭነት መኪኖች ለፍተሻ ከሚሰለፉበት ኬላ ላይ ነው ያገኘው። ውሻው ከሰልፉ ጀርባ እየሄደ ሽንኩርት የጫኑትን አንድ በአንድ ያሸታል፤ ያንዱን ጎማ ሥር ተኝቶ ይቆይና መኪናው ሲነሳ እሱም ይነሳል። ጋሽ ሙሄ ስሙን ጠራው። መጣ፣ ሲሚንቶ የጫነውን አይሱዙ ዙሪያውን አሸተተና ተወው። ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ሸሸው። ከዚያ አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ፣ ዳማም ኬላውን አልፎ ተከተለው።

ይህን ሲነግረኝ ጋሽ ሙሄ አላየኝም፣ መሬቱን ነው የሚያየው። የሆነውን ለመረዳት ዘጋቢ መሆን አላስፈለገኝም። ዳማ ከቤቱ ወደዚያ ብርድ እንዴት እንደመጣ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሽንኩርት ሽታ። ሌላ ምልክት አልተውኩለትም። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሽንኩርቱን ተከተለ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ግን ሁልጊዜ ከቤታችን የሚርቅ ነው፤ ወደ ቤታችን የሚመለሰው ሲሚንቶና ዱቄት ይሸታል። ይዞት የመጣው ያው መኪና ፊቱ ቆሞ ነበር፤ ሽታው አልነበረም። መንገዱን በዓይኑ አይቶት ቢሆን ቁልቁለቱን ይዞ በሁለት ቀን ማንጎው ሥር ይተኛ ነበር። ከኬላው ወዲያ የሆነውን አላውቅም፣ የነገረኝም የለም።

ጋሽ ሙሄ ለአባቴ ምን እንዲለው ጠየቀኝ። መጥፋቱን ንገረው፣ ሌላውን እኔ እነግረዋለሁ አልኩት።

ለዕረፍት ስወርድ አባቴ አጥሩን እያሳየኝ ሄደ። ወደ አስፋልቱ በሚያየው ማዕዘን፣ እሾሁ መሐል፣ ለአንድ ውሻ የሚበቃ ክፍተት ትቷል። ሲመሽ በቅርንጫፍ ይደፍነዋል፣ ሲነጋ ይከፍተዋል። ከርከሮ አንድ ጥዋት ገብቶበት የሽንኩርቱን ሲሶ ገልብጦት ነበር፤ እሱን አላነሳውም። ቆሞ ክፍተቱን እያየ ነው የጠየቀኝ።

‹‹መንገዱን አይቷል አይደል?››

‹‹አይቷል፣ አባዬ።››

‹‹እንግዲያ ይመጣል።››

በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀኝ። ሌላ ቡችላ ሊሰጡት የመጡ ነበሩ፤ አልፈልግም ብሎ መለሳቸው። ማሽላውን ራሱ ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ ጀመር፤ ያውም ጉልበቱ እያመመው። ሰዎች ይሳለቁበት እንደነበር እትዬ ፋጡማ ነገሩኝ፤ ጆንያውን ግን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ከፍ ስል፣ ውሻ ያን ያህል ዓመት እንደማይኖር ለሁለታችንም ግልጽ ሲሆን እንኳ፣ በመጣሁ ቁጥር ከምሳ በኋላ ወደዚያ ማዕዘን ይወስደኛል፣ ያንኑ ይጠይቀኛል። እርጅና ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያንኑ መለስኩ። ዘጋቢ ከሆንኩ በኋላም ያንኑ መለስኩ።

አባቴ ያረፈ ሰሞን ጋሽ ሙሄ በከዘራ እየተደገፈ ለቅሶ መጣ። ሰው ሲቀንስ ከጎኔ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

‹‹የጆንያውን ነገር አባትሽ ያኔውኑ ነው ያወቀው። እኔ ነኝ የነገርኩት። ጠየቀኝ፣ ዋሽቼው ሽንኩርቱን ልጭንለት አልቻልኩም። ‘ተዋት፣ ራሷ ትነግረኛለች’ አለኝ።››

ቁጭ እንዳልኩ ቆጠርኩ። አባቴ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ አሥራ አራት ጊዜ ነው። ሥራዬ መልሱን የማውቀውን ጥያቄ ሰዎችን መጠየቅ ነው፤ ለዘብ ብዬ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ ራሳቸው እንዲናገሩት ጊዜ እየሰጠሁ። ይህን የተማርኩት በሥራ ላይ ይመስለኝ ነበር። ሲደረግብኝ ግን አላወቅኩትም።

ማደያው ላይ ታንኩ ሞልቶ ሾፌራችን ጥሩምባ ነፋ። ሴትየዋ ስልኳን ይዛ አሁንም ትጠብቀኛለች።

‹‹ከሁሉም በላይ ምን?›› አለችኝ።

‹‹ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አዙሩለት። መንገዱን ይይ።››

ባልየው ቀበቶውን ፈትቶ ሳጥኑን አዞረና መልሶ አሰረው። ጣርማ በርን እነሱ ቀድመው፣ እኛ ተከትለን አለፍን፤ በየጥምዝምዙ የውሻውን አፍንጫ በመስኮቱ አየዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሾፌራችን ቤተሰብ እንዳለኝና መቆም እንዳለበት ጠየቀኝ። አትቁም፣ አጣዬ ቀጠሮ አለን አልኩት። ስናልፍ ግን አየሁት። ቦታው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ማንጎዎቹ ተቆርጠዋል፣ መጋዘን ተሠርቶበታል። ወደ አስፋልቱ ያለው ማዕዘን ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ ታጥሯል። መኪናው እስኪያልፈው ድረስ ክፍተት ፈለግኩበት፤ የለውም።